ስፒከሩ ይጥፋ፣ ክራሩ ይሰማ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ዘፈን ሲባል ብዙ ጊዜ ስፒከር ነው። ሰርግም ይሁን ምርቃት፣ ሱቅ ሲከፈትም ጭምር። እኔ አልጠላውም፤ ለጭፈራ ይሁን። የሐዘን ዘፈን ግን ከቅርብ ነው መሰማት ያለበት ባይ ነኝ። የዘፋኙ ትንፋሽ ካልተሰማኝ ግጥሙም አይገባኝም።

ስለዚህ ቅዳሜ ማታ አራት ሆነን እንሰበሰባለን። ክራር የእኔ ነው። ማሲንቆና ዋሽንት አለን፣ ድምፀ መረዋ ጓደኛችን ደግሞ ትዘፍናለች። ሁላችንም የየራሳችንን ግጥም ይዘን ነው የምንመጣው።

መጀመሪያ መቃኘት ነው። እዚህ ላይ አለቃው ዋሽንት ነው። አራት ቀዳዳ ያለው ሸምበቆ አይጠብቅ፣ አይላላ። ለዚህም ነው ነፊው ረጅምም አጭርም ዋሽንት ይዞ የሚዞረው። እሱ ይነፋል፣ እኔ የክራሬን ክሮች አንድ በአንድ እያጠበቅሁ እከተለዋለሁ። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ብቻ ስላለው ቶሎ ይደርስብናል። ክረምት ላይ ግን ክራሩም ማሲንቆውም ይለግማል። እርጥበቱ ቆዳውን ያላላውና ድምፁ ይታፈናል። ያኔ ከሰል ምድጃው አጠገብ ይዘን እናሞቀዋለን። ባለማሲንቆው ደግሞ እስኪሞቅ ድረስ የደጋኑን ጭራ ዕጣን ያሹታል።

በቀደም ጓደኛችን አዲስ ዘፈን ይዛ መጣች። ዓምና ወንድሟን አጥታለች። በትዝታ ቅኝት ነው የሠራችው፤

ጋቢህን አጥቤልህ ካጥር ላይ ሰቀልኩት፣
ከሩቅ ሳየው ጊዜ ስምህን ጠራሁት።

እዚህ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ። እኔ እጄን ከክራሩ ላነሳ ስል ባለማሲንቆው በዓይናቸው ከለከሉኝ። በዕድሜ አባታችን ይሆናሉ። ስንኙን መጀመሪያ በማሲንቆው ደገሙት፣ ቀጥሎ በራሳቸው ድምፅ። ከዚያ «አይዞሽ ልጄ፣ ይዤልሻለሁ» አሏት። ሁለት ዙር እንደዞርን ራሷ ተቀበለቻቸው፤ እስከ መጨረሻውም ዘለቀችው።

እኛ አገር ድሮም እንዲህ ነው። ለቅሶ ቤት ሙሾ አውራጇ ስንኙን ትጥላለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላታል። አዝማሪ ቤትም «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጠው አድማጩ ነው። አስናቀች ወርቁ በክራሯና በድምፅዋ ብቻ አንጀት ትበላ ነበር፤ ክራር ያስወደደችኝም እሷ ናት። ሐዘኑ ገና ትኩስ ሲሆን ግን ብቻን መዝፈን ይከብዳል። ጉሮሮ ሲዘጋ የሚይዝልህ ሰው ያስፈልጋል። ሁሉም በየቤቱ ለየብቻ ቀርፆ ኮምፒውተር ላይ የሚገጣጠም ዘፈን ይሄን ከየት ያመጣዋል?

አሁን ያንን ዘፈን እንቅረፀው ተባብለናል። ስቱዲዮ እንግባ ያለም አለ። የእኔ ሐሳብ አንድ ስልክ መሀል አስቀምጠን አራታችንም ባንዴ እንድንጫወት ነው። የከሰሉ መንጣጣት ቢገባም ይግባ። ባለዋሽንቱ ገና አልተስማማም፤ ቅዳሜ እንከራከራለን።