ፀሐይን ፊት ለፊት ይዞ ወፍ መለየት፦ ከሐይቅ ዳርቻ

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ወደ ሐይቅ፣ ወፍ ማየት ከሚወዱ ጓደኞቼ ጋር በኅዳር ወር ወርደን ነበር። የዚያን ቀን ውሎ የማካፍላችሁ በተለይ ገና በመማር ላይ ላላችሁ ነው። የሐይቅ ከተማ ከውሃው በስተምዕራብ ስለሆነች፣ በጠዋት ከከተማዋ ወርዶ ዳርቻው ላይ የሚቆም ሰው ፀሐይ ፊት ለፊቱ ትወጣበታለች። በዚያ ሰዓት ውሃው ያብረቀርቃል፤ ወፎቹ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይመስላሉ፤ የመለያ መጻሕፍት የሚዘረዝሩት የክንፍና የደረት ቀለም ጨርሶ አይታይም። ብዙ ሰው ብርሃኑ እስኪስተካከል ይጠብቃል። እኔ ግን ለጀማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው ሰዓት ይህ ነው ባይ ነኝ፤ ቀለም ሲጠፋ ዓይን ቅርጽንና አኳኋንን ማጥናት ግድ ይሆንበታልና።

ኮርሞራንት የሚባለው ወፍ ሲዋኝ ገላው ውሃ ውስጥ ጠልቆ፣ አንገቱና ቀና ያለው መንቁሩ ብቻ ይታያሉ። ላባው ውሃ ስለሚይዝም ጠልቆ ከወጣ በኋላ እንጨት ላይ ቆሞ ክንፉን ዘርግቶ ያደርቃል። ዳክዬ ግን ከውሃው በላይ ከፍ ብላ ትንሳፈፋለች። መንቁሩና ግንባሩ ነጭ የሆነው፣ ኩት የሚባለው ጥቁር የውሃ ወፍ ደግሞ ጀርባው ክብ ነው፤ ሲዋኝም ራሱን ወደፊትና ወደኋላ ይነቀንቃል። እነዚህን ሦስቱን በጥላቸው ብቻ የለየ ሰው፣ ቀለማቸውን ሲያይ የሚቀረው ማረጋገጥ ብቻ ነው።

ረጅሙን ጊዜ የሰጠነው ለጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ነበር። ይህ ወፍ ከውሃው በላይ ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ፣ ክንፉን በፍጥነት እያርገበገበና መንቁሩን ቁልቁል ደፍቶ አንድ ቦታ ላይ ረግቶ ይቆያል። ካልተመቸው ትንሽ ራቅ ብሎ እንደገና ይረጋል፤ ሲመቸው ግን ክንፉን ሰብስቦ በጭንቅላቱ ወደ ውሃው ይወረወራል። ዓሣውን ይዞ ሲመለስ ከቅርንጫፉ ጋር ደጋግሞ ያላትመውና በጭንቅላቱ በኩል ይውጠዋል። ትንሽ ዓሣ ከሆነ እየበረረም ሊውጥ ስለሚችል፣ ከሌሎች ዓሣ አጥማጅ ወፎች ይልቅ ከዳር ርቆ ማደን ይሆንለታል። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ከፍ ስትልልን ደረታቸውን ማየት ቻልን፤ ወንዱ ሁለት ጥቁር መቀነት ሲኖረው፣ የሴቷ አንድ ብቻ ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ መሐሉ ላይ የተቋረጠ ነው። በአኳኋኑ ቀድመን ያወቅነውን ወፍ በዚህ ምልክት ወንድና ሴት ብለን መለየታችን፣ ለእኔ የዕለቱ ትልቁ ደስታ ነበር።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ባስተማሩበት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አካባቢ ዛፎቹ ተጠብቀው በመቆየታቸው፣ ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነው ዓሣ አዳኝ ንስር እዚያ አርፎ አየነው። በጭቃማው ዳር ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት ሸሽተው የመጡት ሆደ ቢጫዎቹ ትንንሽ ወፎች ጅራታቸውን እያወዛወዙ ከከብቶቹ እግር ሥር ነፍሳት ይለቅሙ ነበር። እነዚህ እስከ መጋቢት ድረስ ስለሚቆዩ ጊዜ አላችሁ።

ስለ መሣሪያ አንድ ነገር ልበል። ባይኖኩላር የምትገዙ ከሆነ 8 ጊዜ የሚያቀርበውንና የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር የሆነውን ብትመርጡ ይሻላል፤ 10 ጊዜ የሚያቀርበው የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ስለሚያጎላ ለጀማሪ ያስቸግራል።

ቀጣዩ ጉዟችን ከኮምቦልቻ በስተደቡብ፣ የቦርከና ወንዝ ወደሚያረሰርሰው የጨፋ ረግረግ ነው። እዚያ ባለ ረጃጅም እግሮቹን ወፎች በአረማመዳቸው ለመለየት አስበናል፤ ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ አብራችሁን መሄድ የምትፈልጉ ማስታወሻ ደብተርና ጭቃ የሚችል ጫማ ይዛችሁ ኑ።