«የማን ናችሁ?»፦ የግል ዕጩ ስናግዝ የተማርነው

በ2013ቱ ምርጫ ባሕር ዳር ላይ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በግል የተወዳደሩ አንዲት መምህርት ነበሩ። ሁለተኛ ደረጃ ያስተማሩኝ ናቸው፤ ሲጠሩኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም፣ የቅስቀሳ ቡድኑ ውስጥ ገባሁ። በሚቀጥለው ምርጫ የግል ዕጩ ለማገዝ ያሰባችሁ ልጆች «እንዴት ነበር?» እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ፣ ያኔ ከያዝኩት ደብተር የሚጠቅመውን ላውጣላችሁ።

ከሁሉ በፊት፣ ብር እንደምንም ይገኛል። ፖስተር የሚያሳትም ዘመድ፣ ባጃጁን ለግማሽ ቀን የሚሰጥ ጎረቤት አይጠፋም። የሚጠፋው ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ የሚውል ሰው ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ቅስቀሳው የተከፈተው የካቲት 8 ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ ወረቀት ስናድል ስለ ዓላማቸው የጠየቀን ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም «የማን ናችሁ?» ይላል። «የማንም አይደለንም» ስንል ጭራሽ ይጠረጥሩናል። አንድ የሽምብጥ ባለሱቅ «የማንም ያልሆነ ሰው የለም። ወይ እናንተም አታውቁም፣ ወይ ደብቃችሁኛል» አለን። እውነት አለው፤ በዚህ አገር ከጀርባ ማን እንዳለ ሳያጣሩ ድምፅ መስጠት የዋህነት ነው። መምህርታችን ይህን ሲሰሙ ለቅስቀሳው ብር የሰጡ ሰዎችን ስምና መጠን፣ ባለቤቶቹን አስፈቅደው፣ በሉክ ወረቀት ጻፉና ይዘው መዞር ጀመሩ። የጠየቀ ሁሉ ያየዋል። ከዚያ ቀጥሎ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 54 ያነሳሉ፦ የምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው፤ መራጩ አመኔታ ሲያጣበት ደግሞ ሊያወርደው ይችላል። አንቀጹን ብዙ ሰው በዝምታ አለፈው። ሉኩን ግን መነጽር አውጥቶ ያነበበ አለ።

«በግል ተወዳድሮ የገባ አለ ወይ?» ለሚላችሁ ደግሞ ትንሽ ታሪክ ያዙ። ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በ1997 ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው ገብተዋል። በ2002 ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ቦንጋ ላይ አሸንፈው፣ ከ547ቱ መቀመጫ በግል የተያዘው የእሳቸው ብቻ ነበር። ችግሩ፣ ይህን ስትናገሩ የባሰው ጥያቄ ተከትሎ ይመጣል። ፋሲሎ አካባቢ ቡና ላይ ያገኘናቸው አንድ ጡረተኛ «ታዲያ አንድ ሰው ከ547 መሃል ምን ይፈይዳል?» አሉን። አስፋልት እናስገባለን ብሎ ማምለጥ ይቀል ነበር። መምህርታችን ግን «መንገዱ የከተማ አስተዳደሩ ሥራ ነው አባቴ። እኔ የምገባው ሕግ የሚወጣበት፣ የፌዴራል በጀት የሚጸድቅበት፣ ሚኒስትር ቀርቦ የሚጠየቅበት ቤት ነው። በእኔ ድምፅ ብቻ ሕግ አይወድቅም፤ የጠየቅሁት ግን በቃለ ጉባኤ ይያዛል» አሏቸው። ለጡረተኛው አልተዋጠላቸውም። እኔ በዚያ ቅስቀሳ ከሰማሁት ሁሉ የማምነው መልስ ግን ይሄው ነው።

ጣና ሐይቅ ዳር ወሬው ሁሉ ሐይቁን ስለወረረው አረም፣ ስለ እምቦጭ ነው። በዐቢይ ጾም የዓሣ ገበያው በደራበት ሰሞን አንድ አሥጋሪ መረቡን ዘርግቶ የተበጣጠሰበትን አሳየንና «በየዓመቱ ዘመቻ ትወጣላችሁ፣ ትነቅላላችሁ፣ ክረምት ሲገባ መልሶ ይሞላል» አለ። ለእሱ የካድሬ ንግግር አይሠራም። መምህርታችን ለዚህ ሥራ የተመደበው ብር የት እንደዋለ እጠይቃለሁ ሲሉት ብቻ ቀና ብሎ አያቸው።

የምርጫ ምልክታችን የውኃ መቅጃው እንስራ ነበር። ወረቀቱን በርካሽ ጥቁርና ነጭ ስላሳተምነው አንዲት እናት አገላብጠው አዩትና «ይሄ ጋን ነው! ጠላ ልትጠምቁልን ነው?» ብለው ሳቁብን። መምህርታችንም ሳቁ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን እውነተኛ እንስራ አዝለው ገበያ መጡ። ማንበብ የማይችል መራጭ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የሚፈልገው ሥዕሉን ነው፤ ስለዚህ ምልክት ስትመርጡ በትንሹ ሲታተምም ከሌላ ዕቃ ጋር የማይምታታውን ምረጡ። ለመራጩም ወረቀቱ ሁለት መሆኑን፣ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት ሌላው ለክልል ምክር ቤት እንደሆነ፣ ሳትሰለቹ ንገሩት።

አሁን ወደ ሰው ጉዳይ። ያኔ አንድ ምርጫ ጣቢያ እስከ 1500 መራጭ ይይዝ ነበር። በየጣቢያው ወኪል ከሌላችሁ ቆጠራውን የሚያይላችሁ ሌላ ነው። ፓርቲ አባሉን ይመድባል፤ እኛ ግን የመምህርታችንን የድሮ ተማሪዎች፣ የዕድር ሰዎችና የጓደኛ ጓደኛ ስንለምን ከረምን። ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን በፊት ያሉት 4 ቀናት ያኔ ቅስቀሳ የሚከለከልባቸው ነበሩ፤ እኛ በሙሉ ለወኪሎች ሥልጠና አዋልናቸው። ምን ያያል፣ ቅሬታ ለማን ያቀርባል፣ ሳያነብ እንዳይፈርም።

ሰኔ 14 ሰልፉ ረጅም ስለነበር ድምፅ መስጫው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዘመ። የፓርቲዎቹ ወኪሎች ምሳ ተላከላቸው፣ የእኛዎቹ ቆሎ ይዘው ነበር፤ እኔ ካለሁበት ጣቢያ ግን ሁሉም አንድ ላይ ነው የበላነው። ሌሊት ሲቆጠር አንድ ወረቀት ላይ የኤክስ ምልክቱ ከሳጥኑ ወጥቶ እንስራው ሆድ ላይ ተደርጎ ተገኘ። አስፈጻሚው ሊጥለው ሲል ተቃወምኩ፤ ሁላችንም አየነውና ተቆጠረ። አንድ ድምፅ ናት፤ ወኪል በሌለንባቸው ጣቢያዎች ስንት እንዲህ ያለ ወረቀት እንደነበር የሚነግረን የለም። ሲያልቅ ውጤቱ በሩ ላይ ተለጠፈ፤ በስልኬ አነሳሁት። እናንተም አንሱ።

መቀመጫውን የወሰደው የፓርቲ ዕጩ ነው፤ በዚያ ምርጫ በመላ አገሪቱ በግል የገቡት 4 ናቸው። እኔ ዳግመኛ ባግዝ ከፖስተር በፊት የወኪል ስም ዝርዝር ነው የምጀምረው፣ ያውም በየጣቢያው ሁለት ሁለት ሰው አድርጌ፤ አንዱ መታመሙ ወይም መቅረቱ አይቀርምና። ለሥልጠናው ያዘጋጀናት ባለ አንድ ገጽ ወረቀት አለችኝ፤ የፈለገ ይጠይቀኝ። ብቻ ሕግ ይሻሻላልና ከመጠቀማችሁ በፊት ምርጫ ቦርድ ቢሮ ሄዳችሁ አጣሩ።