ከመርከቡ በታች ያሉት

«ስታር ትሬክ» በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ተከታታይ ዓለም የጠፈር መርከበኞቹ ከሁሉ በላይ የሚያከብሩት ሕግ አለ። ቀዳሚው መመሪያ ይሉታል። ከብርሃን ፈጥኖ መጓዝ ላይ ገና ያልደረሰ ሕዝብ ሲያጋጥማቸው በኑሮው፣ በእምነቱና በታሪኩ እጃቸውን እንዳያስገቡ ይከለክላቸዋል፤ መኖራቸውን እንኳ ሊያሳውቁት አይፈቀድላቸውም። ካፒቴኖቹ ሕጉን ከመጣስ የራሳቸውንና የመርከበኞቻቸውን ሕይወት መስጠት እንደሚመርጡ ይምላሉ። ሰሞኑን ሐዋሳ ዝናቡ ማታ ማታ ከቤት አላስወጣ ስላለን ከወንድሜ ልጅ ጋር ክፍሎቹን እንደገና እያየሁ ነው፤ ይህ ሕግም እንቅልፍ ነስቶኛል።

ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ተከታታዩ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲጀመር አሜሪካ በቬትናም ጦርነት ውስጥ ተዘፍቃ ነበር። የተከታታዩ ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪና ባልደረቦቹ ጉልበት ያለው አገር «ለእናንተው ብዬ ነው» እያለ የሰው አገር ሲገባ ምን እንደሚከተል ዕለት ዕለት ከዜና ይሰሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የታየው አንድ ክፍል ነገሩን ፊት ለፊት ያነሳዋል። ቀስትና ጦር ብቻ የሚያውቅ ሕዝብ ለሁለት ተከፍሏል፤ አንዱን ወገን ሌላ ኃያል መንግሥት በጠመንጃ ሲያስታጥቅ ካፒቴን ከርክ ደግሞ ሚዛኑ እንዳይዛባ ብሎ ሌላውን ያስታጥቃል። በመጨረሻው ትዕይንት ፊቱ ላይ የድል ስሜት አይታይም።

እኛም ከውጭ የመጣ እግር ምን ይዞ ሊመጣ እንደሚችል እናውቃለን። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ክፉ ቀን የጀመረው የጣሊያን ጦር ለራሱ ፍላጎት በምጽዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር በመጣ የከብት ደስታ በሽታ ነው። ከአሥሩ ከብት ዘጠኙ ያህል እንዳለቀ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቁና አንበጣው ተጨመረበት፤ ቀጥሎ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ከብቶቹን ከመርከብ ያወረዱት ሰዎች ይህን ሁሉ አላሰቡም ይሆናል፤ የሞተው ሰው ቁጥር ግን በሐሳባቸው አልቀነሰም። ስለዚህ ማንም ተነስቶ «አትንኩ የሚለው ሕግ ፈሪዎች ያወጡት ነው» ቢለኝ አልሰማውም።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1994፣ በኋላ በተሠራው ተከታታይ የታየ ሌላ ክፍል አለ። የአንዲት ፕላኔት አየር እየተሟጠጠ ነው፤ በላይዋ ያለው ሕዝብ በመንደር የሚኖር፣ ታሪኩን በጥቅልል እየጻፈ የሚያቆይ ሕዝብ ነው። መርከቡ ከላይ ቆሟል። ቢያንስ የተወሰኑትን ማትረፍ ይችላል። ካፒቴን ፒካርድ ሕጉን ጠቅሶ እምቢ ይላል፤ ሹማምንቱም ቆመው ፕላኔቷ ስትሞት በትልቁ ስክሪን ያያሉ። የወንድሜ ልጅ እዚህ ላይ አስቆመችኝ።

«አክስቴ፣ ሁሉም ካለቁ በኋላ የተጠበቀው ባህል የማን ነው?»

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። በዚያው ክፍል ከካፒቴኑ ተደብቆ አንዱን መንደር ያተረፈው ሕጉን የጣሰ ሰው መሆኑ አይገርመኝም። ያ ሰው እዚያው ሲያጠና ኖሯል፤ ከእነሱው ያረገዘችለት ሴት አለችው። በዚያ መርከብ ላይ የሰዎቹን ስም የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር።

ይህን ተከታታይ ስመለከት ራሴን ከመርከቡ ላይ አስቀምጬ አላውቅም። ምንጊዜም ከታች፣ ከመንደሩ ነኝ። እናቴ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ኮረም መጠለያ ውስጥ የነበረች ልጅ ናት። በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር ማይክል በርክና ሞሐመድ አሚን ከዚያ ያነሱት ፊልም በቢቢሲ ታየ፤ ዓለምም ደነገጠ። እናቴ ፊልሙን ያየችው ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ሐዋሳ መጥታ እኛን ከወለደች በኋላ ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ «ማን ጠይቆን ነው የቀረጸን?» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ባይቀርጹን ግን አልቀን ነበር» አለች። ሁለቱንም ከልቧ ነው ያለችው። አንዱን ለማስተባበል ሌላውን አላነሳችም፤ እኔም እስከ ዛሬ አንዱን ከሌላው አስበልጬ መያዝ አልቻልኩም።

መመሪያው የማይነካው ጉዳይ ደግሞ አለ፤ ማየት። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣ ክፍል ተመራማሪዎች የተራራ ገደል በሚመስል ምስል ተሸፍነው ከታች ያለውን ሕዝብ ያጠናሉ። መሸፈኛው ሲበላሽ ሁሉም ሰው የሚጨነቀው በመታየታቸው ነው። ያለ ፈቃድ ስለማየታቸው ያን ያህል የሚጨነቅ የለም። ይህን ሳስብ የሐዋሳው አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ትዝ ይለኛል። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ ልጆች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይገፍፋሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው አንጀቱን ይጠብቃሉ። አንድ ቀን አንድ ጎብኚ ከዋርካው ሥር ረጅም ካሜራውን ደግኖ አንዱን ልጅ ደጋግሞ ያነሳዋል። አልቀረበውም፤ ምንም አልሰጠውም፤ አልነካውም። ልጁ ቅርፊት የተለጠፈበትን ክንዱን በሱሪው ጠረገና አጠገቡ መረብ የሚጠግነውን ሰው «ጋሼ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለው። ያ ጎብኚ በመርከቡ ሕግ ቢዳኝ ንጹሕ ነው።

በተከታታዩ ውስጥ ክርክሩ ሁሌም ሁለት መንገድ ብቻ ያለው ይመስላል፤ ካፒቴኑ ያድናቸዋል ወይም ካፒቴኑ ይተዋቸዋል። ሁለቱም ላይ ወሳኙ ካፒቴኑ ነው። የከብት ደስታ በሽታ እንዴት እንደጠፋ ሳነብ የተጽናናሁት ሦስተኛ መንገድ ስላየሁ ነው። ክትባቱ ከውጭ የመጣ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። የድሮው ክትባት ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ በረሃ መሻገር አቅቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሙቀት የሚችለው ዓይነት ሲገኝ በአፋር ክትባቱን የሰጡት ከአርብቶ አደሮቹ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። የትኛው መንጋ የት ውሃ እንደሚጠጣ፣ የቱ ጎሣ ከየትኛው ጋር በጠብ እንደሚተያይ፣ በየትኛው ወር የት እንደሚሰፍር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። መርፌው በእነሱ እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። በምጽዋ በኩል የገባውን መዓት ማንም ፈቅዶ አልተቀበለውም፤ መድኃኒቱን ግን ከብቱ የእኔ ነው የሚለው ሰው መርምሮ፣ ጠይቆ፣ ተስማምቶ በገዛ እጁ ወጋው። በጠፈር ተረት ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል ብዙ አላየሁም፤ ባገኝ ግን በጣም ደስ ይለኛል።

ትናንት ማታ ያየነው ክፍል ወደዚህ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ዴታ የተባለው ሰው ሠራሹ መኮንን በሬዲዮ የአንዲት ሕፃን ድምፅ ይሰማል፤ ማን አለ ብላ ትጠይቃለች፤ እሱም አለሁ ይላታል። ሳርጄንካ ትባላለች። ፕላኔቷ ከውስጥ እየተሰነጣጠቀች ነው። ሹማምንቱ በካፒቴኑ ክፍል ተቀምጠው ስለ ዕጣ ፈንታና ስለ ሕግ ይከራከራሉ፤ ካፒቴኑ ግንኙነቱ ይቋረጥ ይላል፤ በዚህ መሐል የልጅቱ ድምፅ ክፍሉን ይሞላዋል። ፈርታለች፤ ለምን እንደማይመልስላት ትጠይቃለች። ያን ጊዜ ፒካርድ ይሸነፋል። የተለመነ ሰው ካልተለመነ ሰው ጋር አንድ አይደለምና ትክክል ነው እላለሁ፤ እየሰሙ ዝም ማለትም እጅ ማስገባት ነው።

ፕላኔቷ ተረፈች። ከዚያ ሐኪሟ በካፒቴኑ ትእዛዝ የልጅቱን ትዝታ ከአእምሮዋ ጠረገች፤ ልጅቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና በቤቷ እንድትነቃ ነው። የወንድሜ ልጅ አለቀሰች፤ እኔ ተናደድኩ። ሊያተርፏት ሕጉን ጥሰው፣ ሕጉን መልሰው ለማክበር ደግሞ የራሷን ጭንቅላት ከፈቱ። ያ ሁሉ ክርክር ሲካሄድ ሳርጄንካ ክፍሉ ውስጥ አልነበረችም፤ ትዝታዋ ሲጠረግ አጠገባቸው ነበረች፤ ያኔም ማንም አልጠየቃትም። ካፒቴኑ ለሐኪሟ ትእዛዙን ከመስጠቱ በፊት ወደ ልጅቱ ጎንበስ ብሎ «ማስታወስ ትፈልጊያለሽ?» ቢላት፣ መልሷንም እስክትጨርስ ቢጠብቅ እመኛለሁ።