ሚሲሲፒን በፎክነር ብቻ ማወቅ አይቻልም

አሜሪካዊው ደራሲ ዊልያም ፎክነር እ.ኤ.አ. በ1936 ካሳተመው «አቤሴሎም፣ አቤሴሎም!» ከተሰኘው ልቦለድ ጋር በገዛ እጁ የሳለው ካርታ አብሮ ታትሟል። ካርታው ደራሲው ባደገበት በአሜሪካዋ የሚሲሲፒ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል አምሳል የፈጠረውን ዮክናፓታውፋ የተባለ አውራጃ የሚያሳይ ሲሆን፣ ስፋቱ 2,400 ካሬ ማይል፣ ነዋሪዎቹም 6,298 ነጮችና 9,313 ጥቁሮች እንደሆኑ ተጽፎበታል፤ ፎክነርም ራሱን የአውራጃው ብቸኛ ባለቤት አድርጎ ሰይሟል። ቀልድ መሆኑ ግልጽ ነው። እኔ ግን ስለዚህች ግዛት የተጻፈ መጽሐፍ ባነበብኩ ቁጥር ወደዚያ አኃዝ እመለሳለሁ፤ በደራሲው በራሱ ቆጠራ ጥቁሮቹ ይበዛሉ፣ የመተረኩ ተራ ግን በአብዛኛው የሚደርሰው ለነጮቹ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በ1929 የወጣው «ዘ ሳውንድ ኤንድ ዘ ፊዩሪ» ነው። መጽሐፉ አራት ክፍሎች አሉት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች የኮምፕሰን ቤት ሦስት ወንድማማቾች፣ ነገሮችን በቅጡ መለየት የማይችለው ቤንጂ ሳይቀር፣ እያንዳንዳቸው «እኔ» እያሉ ይተርካሉ። አራተኛው ክፍል የሚያተኩረው በዲልሲ፣ ማለትም ያንን እየፈረሰ ያለ ቤት በጉልበቷና በትዕግሥቷ ደግፋ ባቆየችው ጥቁር ምግብ አብሳይ ላይ ነው፤ ይሁን እንጂ እርሷ አንዲት ገጽ እንኳ በራሷ አንደበት አትተርክም፤ ታሪኳን የሚነግረን ከውጭ ሆኖ የሚያያት ተራኪ ነው። ፎክነር ዲልሲን እንደሚያከብራት አልጠራጠርም፤ በፋሲካ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ተቀምጣ የምታለቅስበት ትዕይንት ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጥብኛል። ቢሆንም ማክበርና ማናገር ለየቅል ናቸው።

ጥቁሩ ደራሲ ሪቻርድ ራይት ከፎክነር በ11 ዓመት ያንሳል። በ1908 በዚያችው ሚሲሲፒ፣ በናቼዝ ከተማ አቅራቢያ ከጭሰኛ አባት የተወለደ ሲሆን፣ በ1945 የወጣው «ብላክ ቦይ» የልጅነትና የወጣትነት ዘመኑን የሚተርክበት መጽሐፍ ነው። በዚህ መጽሐፍ ጥቁሩ ልጅ ራሱ ይናገራል፤ ርሃብ ሌሊት አልጋው አጠገብ ቆሞ እንደሚያፈጥበት፣ በነጭ ሰው ፊት ሲቆም ዓይኑን የት ማሳረፍ እንዳለበት ሳይቀር እንዴት እንደተማረ ይነግረናል። ከግዛቲቱ ወጥቶ በቴኔሲዋ ሜምፊስ በሚሠራበት ጊዜ እንኳ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለጥቁር ሰው መጽሐፍ ስለማያውስ፣ የአንድ ነጭ የሥራ ባልደረባውን ካርድ ይዞ፣ በሰውየው ስም ወረቀት ጽፎ፣ ለሌላ ሰው እንደተላከ መስሎ ይዋስ ነበር። ይህን ምዕራፍ ያነበብኩት አራት ኪሎ በሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ ለፈተና በሚያጠኑ ወጣቶች መካከል ተቀምጬ ነው፤ የራይትን ብልሃት እያደነቅሁ፣ ለአንድ መጽሐፍ ብሎ ያን ያህል እንዲዋረድ መገደዱ አናደደኝ።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይበልጥ ቅርብ የሚሆነው ግን ሌላ ቦታ ነው። ራይት ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ አባቱን ሲያገኘው፣ ሽማግሌው በቀይ አፈር ላይ፣ ጭቃ የነካው መቆፈሪያ በእጁ ይዞ፣ የሰው መሬት እያረሰ ነበር። በሚሲሲፒ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የተስፋፋው ይህ ሥርዓት አሠራሩ ቀላል ነው፤ ባለመሬቱ መሬቱን ይሰጣል፣ ዘሩንና ስንቁን በብድር ያቀርባል፣ ጥጡ ሲደርስ ድርሻውን ወስዶ ብድሩን ያስባል፤ የሒሳብ መዝገቡም በእጁ ስለሆነ አራሹ ብዙ ጊዜ ባለዕዳ ሆኖ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። አያቶቹ እኩል ወይም ሲሶ ሲያርሱ የኖሩበት ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። በእኛ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው የተሰለፉት እዚሁ አራት ኪሎ፣ ፓርላማው ደጃፍ ነበር። እርግጥ ነው፣ የሚሲሲፒው ጭሰኛ የቆዳ ቀለሙም ተጨማሪ ዕዳ ነበር፤ ሁለቱን ታሪኮች አንድ ናቸው ማለት አይቻልም።

ሦስተኛዋን ጸሐፊ ጄስሚን ዋርድን ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ ፈልጌ አጣኋትና በስልኬ አነበብኳት። «ሳልቬጅ ዘ ቦንስ» በ2011 የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ያገኘ ልቦለድ ነው። ታሪኩ በባሕር ዳርቻዋ ሚሲሲፒ፣ በ2005 የደረሰው ካትሪና አውሎ ነፋስ በነበረበት ሰሞን፣ በ12 ቀናት ውስጥ ይፈጸማል፤ ተራኪዋ ኤሽ የተባለች የ15 ዓመት ነፍሰ ጡር ልጅ ናት። ድህነቱ ሳይለሳለስ ቀርቧል። ወንድሟ ለውሻው የሚያሳየው ፍቅር ደግሞ አንዳንዴ ያስቀናል፣ አንዳንዴ ያስፈራል።

ዋርድ ከፎክነር ጋር የምትነጋገረው በስውር አይደለም። ኤሽ በትምህርት ቤት «አዝ አይ ሌይ ዳይንግ» የተባለውን የፎክነርን የ1930 ልቦለድ እንዳነበበችና ከሁሉ የከበደውን ጥያቄ በመመለሷ ከፍተኛውን ውጤት እንዳገኘች ትነግረናለች። ጥያቄው ትንሹ ልጅ እናቱን ዓሣ ናት ብሎ የሚያስበው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ነው። የኤሽ እናት የመጨረሻ ልጇን ወልዳ ሞታለች፤ ስለዚህ የነጩን ልጅ ግራ መጋባት ለመረዳት መምህር አላስፈለጋትም። ሦስቱን ጸሐፊዎች ለማንበብ ለሚያስብ ሰው ከዋርድ ጀምሮ በራይት በኩል ወደ ፎክነር እንዲሄድ እመክራለሁ፤ የቤንጂን ክፍል በመጀመሪያ ንባብ ሙሉ በሙሉ ለመረዳት መድከም ግን አያስፈልግም።