ባቄላው እጢ አለው፤ ግን ውስጡ ቀይ ነው?

አንድ እግር ባቄላ ነቅሎ ሥሩ ላይ እጢ (ባክቴሪያ የሚኖርበት ትንሽ እብጠት) አይቶ "ይኸው ናይትሮጅን እየሠራ ነው"፣ ማለትም የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ ወደሚሆን አሞኒያ እየቀየረ ነው፣ ማለት የተለመደ ነው። እጢው ካልተሰነጠቀ ግን ገና ምንም አልታየም። ናይትሮጅን የሚሠራውም የማይሠራውም ባክቴሪያ እጢ ማብቀል ይችላል። መግቢያ ማይክሮባዮሎጂ የሚማር ተማሪም ሆነ ቀበሌ ላይ ያለ የግብርና ባለሙያ፣ ስለ ረቂቅ ተህዋሲያን ዓይነት፣ ዘረ መልና ሜታቦሊዝም ከዚህ ሥር ብዙ መማር ይችላል፤ ያውም በአንድ ምላጭ።

በደብረ ብርሃንና በመንዝ ደጋ ሰኔ አጋማሽ ላይ ለተዘራ ባቄላ ጥሩው የማያ ጊዜ አበባ የሚይዝበት፣ ነሐሴ ማለቂያ ገደማ ነው። በእጅ መንቀል አይሆንም፤ እጢው አፈር ውስጥ ተበጥሶ ይቀርና "እጢ የለውም" ያሰኛል። ዙሪያውን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ በአካፋ ከነአፈሩ ማንሳትና ባልዲ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። ከማሳው ልዩ ልዩ ቦታ 10 እግር ይበቃል። እጢው በምላጭ ሲሰነጠቅ ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው። አረንጓዴ ከሆነ ያረጀ፣ ጠቁሮ የላሸቀ ከሆነ የሞተ ነው። ነጭ ከሆነ ወይ ገና ልጅ ነው ወይ ሰነፍ ባክቴሪያ ይዟል፤ በአበባ ጊዜ ልጅ ነው ማለት ግን ያስቸግራል። የባቄላ እጢ ረዘም ያለና ጫፉ ላይ ማደጉን የማያቆም ስለሆነ ጫፉ ሁልጊዜ ነጭ ነው፤ ስለዚህ በቁመቱ ይሰንጠቅ። ሲታሽ የማይላቀቅና ሥሩ ራሱ ያበጠ ከመሰለ ደግሞ የኔማቶድ (ሥር የሚያጠቃ ረቂቅ ትል) ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ቀይ ቀለሙ የሚመጣው ሌግሄሞግሎቢን ከተባለ ፕሮቲን ነው፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ሥራው አስቸጋሪ ነገር ማስታረቅ ነው። ናይትሮጅንን ወደ አሞኒያ የሚቀይረው ናይትሮጂኔዝ የተባለው ኢንዛይም ኦክስጅን ሲነካው ላይመለስ ይበላሻል። ይኸው ኢንዛይም ደግሞ አንዷን የናይትሮጅን ሞለኪውል ለመስበር ቢያንስ 16 ኤቲፒ (የሕዋስ ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል) ይጠይቃል፤ ይህን ያህል ኤቲፒ ደግሞ ባክቴሪያው ያለ ኦክስጅን ተንፍሶ አያገኝም። ሌግሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን ይዞ በጥቂት በጥቂቱ ያቀብላል፤ ነጻ ሆኖ የሚንሳፈፈው ኦክስጅን እጅግ ያነሰ ይሆናል። ባክቴሪያውም በዚያች ጥቂት ኦክስጅን የሚተነፍስ ልዩ ኢንዛይም አለው። ተክሉ የሚመግበው ስኳሩን እንዳለ ሳይሆን ማሌት ወደተባለ አሲድ ለውጦ ነው፤ ባክቴሪያው በምላሹ አሞኒያ ይሰጣል። ዩሪያ ለባቄላ የማይበጀውም በዚህ ሂሳብ ነው፦ ናይትሮጅን በነጻ ያገኘ ተክል ይህን ሁሉ ምግብ ለእጢ አያወጣም። ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ 19 በመቶ ናይትሮጅን ስላለው 100 ኪሎው ለጅማሬ የሚሆን 19 ኪሎ ይዞ ይመጣል፤ ከዚያ በላይ ባቄላ ላይ ዩሪያ መጨመር በእኔ ግምት ገንዘብ መበተን ነው።

ነጩ እጢ ወደ ዘረ መል ይወስደናል። እጢ የማብቀያ (ኖድ) እና ናይትሮጅን የመሥሪያ (ኒፍ) ጂኖች የተለያዩ ናቸው። የባቄላ ሥር ፍላቮኖይድ የተባለ ኬሚካል ያመነጫል፤ የባክቴሪያው ኖድ ዲ ፕሮቲን ይህን ሲያውቅ ሌሎቹን የኖድ ጂኖች ያስነሳል፣ ሥሩም እጢ መሥራት ይጀምራል። ናይትሮጂኔዝን የሚሠሩት የኒፍ ጂኖች ናቸው። የኖድ ጂን ደህና ሆኖ የኒፍ ጂን ከተበላሸ፣ ወይም ዝርያው ከዚህ ተክል ጋር በደንብ ካልተስማማ፣ እጢ ይበቅላል፣ ተክሉ ይመግባል፣ ናይትሮጅን ግን የለም። በባቄላው ባክቴሪያ በራይዞቢየም ሌጉሚኖሳረም እነዚህ ጂኖች ያሉት በዋናው ክሮሞዞም ሳይሆን ፕላዝሚድ (ከክሮሞዞሙ ተለይቶ የሚኖር ዲኤንኤ) ላይ ነው፤ ፕላዝሚድ ደግሞ ሊጠፋም ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሻገርም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኒውዚላንድ ውስጥ ሜዞራይዞቢየም በተባለ ሌላ የእጢ ባክቴሪያ ላይ የታየው ከዚህም ይገርማል፦ ክሮሞዞም ላይ የተቀመጠ 500,000 ቤዝ ያህል ርዝመት ያለው የዲኤንኤ ክፍል፣ ማሳ ላይ ከተጨመረው ዝርያ እጢ ወደማያውቁ የአፈሩ ነባር ባክቴሪያዎች ተሻግሮ ተገኘ።

ሁሉም ባክቴሪያ ለሁሉም ጥራጥሬ አይሆንም። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ጓያ አንዱን ዓይነት ይጋራሉ። ሽምብራ ሜዞራይዞቢየም፣ ግብጦና አኩሪ አተር ብራዲራይዞቢየም፣ አብሽ ሲኖራይዞቢየም ይፈልጋሉ። የሽምብራውን ሕያው ማዳበሪያ (ሕያው ባክቴሪያ የያዘ ዱቄት) ባቄላ ላይ መለወስ እንግዲህ ተራ ጥቁር አፈር ከመለወስ አይለይም።

ሕያው ማዳበሪያ ሲለወስ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ለሄክታር 500 ግራም ነው፤ ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ግን ይቅደም። ለሩብ ሄክታር የሚሆን 50 ኪሎ ዘር ላይ ግማሽ ሊትር ውኃ በ50 ግራም ስኳር (4 የሾርባ ማንኪያ ያህል) አሟምቶ መርጨት፣ ሁሉም ፍሬ እስኪረጥብ ማገላበጥ፣ ከዚያ 125 ግራሙን በትኖ ጥላ ውስጥ መለወስ፣ 10 ደቂቃ ያህል አናፍሶ በዚያው ቀን ዘርቶ ወዲያው አፈር ማልበስ። ግራሙ 100 ሚሊዮን ሕያው ባክቴሪያ ቢኖረውና አንድ ፍሬ ግማሽ ግራም ቢመዝን ለአንዱ ፍሬ 125,000 ይደርሰዋል። ፓኬቱ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሲግል ከርሞ ግራሙ ወደ 1 ሚሊዮን ከወረደ የሚደርሰው 1,250 ብቻ ነው፤ ይህ ከነባሮቹ ሰነፎች ጋር አይወዳደርም። ፀረ ፈንገስ የተቀባ ዘር ላይ መለወስም፣ ከኬሚካል ማዳበሪያ ጋር ቀላቅሎ መዝራትም ባክቴሪያውን ይጎዳል።

ዋልካ ላይ ውኃ ከተኛ እጢው ይታፈናል፤ የእነዋሪ ገበሬ በእጁ መደብ እየሠራ ውኃውን የሚያጠፋው ለእጢውም ይበጃል። ፒኤች (የአፈር አሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ5.5 ሲወርድ ባክቴሪያው ይሳሳል፣ የናይትሮጂኔዝ አካል የሆነው ሞሊብዲነምም አፈር ላይ ይታሰራል፤ መድኃኒቱ ኖራ ነው።

በደብረ ብርሃንና በሸኖ ዙሪያ አፈር ከምሮ ማጋየትም የሚታወቅ ነው። የተጋየው አፈር አሞኒየምና ፎስፈረስ ስለሚለቅ የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ያምራል። ክምሩ መሐል ላይ ግን ራይዞቢየም አይተርፍም፤ ስፖር (ሙቀት የሚችል የእንቅልፍ ሕዋስ) አይሠራምና። የሚተርፉት እንደ ባሲለስና ክሎስትሪዲየም ያሉ ስፖረኞች ናቸው። እንዲህ ባለ ማሳ በኋላ ባቄላ የሚዘራ ሰው ዘሩን ሳይለውስ ባይዘራ ይሻላል።

ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ማብቀል ለሚፈልግ፦ ያልተበሳ እጢ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ 10 ሰከንድ፣ 5 በመቶ በረኪና በእኩል ውኃ ቀጥኖ ውስጥ 3 ደቂቃ፣ ከዚያ በመከነ (ሕያው ተህዋስ በሌለው) ውኃ 5 ጊዜ ማለቅለቅ። ጨፍልቆ ዪስት ማኒቶል አጋር የተባለ የባክቴሪያ ማብቀያ ምግብ ላይ መጫር፦ ለሊትር ማኒቶል 10 ግራም፣ ዳይፖታሲየም ፎስፌት 0.5፣ ማግኒዥየም ሰልፌት 0.2፣ ጨው 0.1፣ የእርሾ ጭማቂ 0.5፣ አጋር 15 ግራም፣ ኮንጎ ሬድ 25 ሚሊ ግራም። 28 ዲግሪ ላይ ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ነጣ ያለ ዝልግልግ ኮሎኒ ይወጣል፤ ቀለሙን አብዝቶ የመጠጠው ሌላ ነው። አግሮባክቴሪየምም መልኩ ስለሚመሳሰል ማረጋገጫው ኮሎኒውን ንጹሕ አሸዋ ላይ በበቀለ ባቄላ መሞከር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ይህን ምግብ ማምከኑ ላይ ነው። መጽሐፍ "15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ" የሚለው ለባሕር ጠለል ነው፤ ከፍታ ላይ የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ ሙቀቱም ይቀንሳል። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን የግፊት ድስቱ ጌጅ 15 ሲያሳይ ውስጡ 116 ዲግሪ ብቻ ነው። ወይ ጌጁን 19 ማድረስ፣ ድስቱ ይህን ካልቻለ ደግሞ ጊዜውን ወደ 50 ደቂቃ ማራዘም ያስፈልጋል። ቆላ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ላይ ለሚሠራ 17 ይበቃዋል። ሙቀቱን ራሱን የሚለካ አውቶክሌቭ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ሊተወው ይችላል።