ትንንሽ ጅረቶችን ለማጽዳት ፈቃድ ሲጠየቅ

የአካባቢ አስተዳደሮች ትንንሽ ጅረቶችን ከማጽዳታቸው በፊት ፈቃድ እንዲያወጡ መገደዳቸው ብዙዎችን ያስቆጣል። ቁጣው ይገባኛል፤ ውሃው ድልድይ ሥር በተከማቸ ደለልና ግንድ ታግዶ ወደ መኖሪያ ቤቶች ሊገባ ሲቃረብ፣ ማመልከቻ አስገብታችሁ መልስ ጠብቁ መባል ከባድ ነው። ሆኖም በጽዳት ስም የሚከናወኑት ሥራዎች እጅግ የተለያዩ በመሆናቸው፣ ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት አይገባም ብዬ አምናለሁ።

የወደቀ ቅርንጫፍና ቆሻሻ በእጅ ማንሳት የጅረቱን ቅርጽ አይለውጥም። ኤክስካቫተር ገብቶ ወለሉን ሲቆፍር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወለሉ ከመጠን በላይ በተቆፈረበት ቦታ ቁልቁለቱ ስለሚጨምር፣ መሸርሸሩ ወደ ላይኛው የጅረቱ ክፍል እየዘለቀ ይሄዳል፤ ዳርቻው ይናዳል፤ የተናደውም አፈር በውሃው ተወስዶ ከታች ባለ ሌላ አስተዳደር ድልድይ ሥር ይከማቻል። ዓሦች እንቁላል የሚጥሉበት ጠጠር በደለል ይሸፈናል፤ ጥላ የሚሰጡ ዛፎች ከተቆረጡም ውሃው ይሞቃል። ከልክ በላይ የሰፋ ጅረት ደግሞ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ደለሉን እንደገና ያስቀምጣል፤ በዚህም ምክንያት ለዚያው ሥራ ገንዘብ ደጋግሞ ይወጣል።

በአሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው የንፁህ ውሃ ሕግ አንቀጽ 404 መሠረት፣ ተቆፍሮ የወጣን አፈር ወይም የሙሌት ቁስ በሕጉ በሚጠበቁ ውሃዎች ውስጥ ለመጣል ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱን በአብዛኛው የሚሰጠው የጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ኮር ነው። ሕጉ የማፋሰሻ ቦዮችን ጥገና ከፈቃድ ነፃ ከማድረጉም በላይ፣ ጉዳታቸው አነስተኛ ለሆኑ ሥራዎች ቢበዛ ለ5 ዓመት የሚጸና አጠቃላይ ፈቃድ፣ ማለትም ለተመሳሳይ ሥራዎች በጋራ የሚያገለግል ፈቃድ፣ እንዲዘጋጅ ያስችላል። ከእነዚህ አንዱ፣ አስቀድሞ በማሳወቅ፣ በድልድዮችና በውሃ ማሳለፊያ ቱቦዎች አጠገብ የተከማቸ ደለል ከግንባታው እስከ 200 ጫማ ርቀት እንዲነሳ ይፈቅዳል፤ ቁፋሮው ግን ግንባታው ሲሠራ ከነበረው የጅረቱ ስፋትና ጥልቀት እንዳያልፍ ይገድባል። ከሁሉ ይበልጥ የምደግፈው ይህንን ገደብ ነው፤ መዘጋቱን ለማስወገድ ይበቃል፣ ጅረቱን ወደ ቦይነት ለመለወጥ ግን በር አይከፍትም።

የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 ሕጉ በአንጻራዊነት ቋሚ የሆኑ ውሃዎችን ብቻ እንደሚሸፍን በመወሰኑ የፌዴራሉ ጥበቃ ጠብቧል፤ ክፍለ ግዛቶች የራሳቸውን ፈቃድ መጠየቃቸው ግን አልቀረም። ይህ አካሄድ አያረካኝም፤ አንድ ጅረት በበጋ መድረቁ፣ በማሽን ሲቆፈር በታችኛው ተፋሰስ ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት አያስቀርምና።

አስተዳደሮች መዘግየትን ለመቀነስ፣ ዘወትር የሚደፈኑ ቦታዎችን ከዝናቡ ወቅት በፊት ለክተውና ፎቶ አንስተው አጠቃላይ ፈቃድ ቢይዙ ይሻላል። ማመልከቻው የሚወጣው ደለል የት እንደሚጣል በግልጽ ሊያሳይ ይገባል፤ ዳርቻው ላይ የተቆለለ ደለል በመጀመሪያው ጎርፍ ተመልሶ ይገባልና።