ከሪባኑ ላይ የወለቀችው ፊደል

በሰሜን ሸዋ የሚገኝ አንድ የባህል ጽሕፈት ቤት ለሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን የአካባቢውን ጀግኖች ሽልማት ለሕዝብ ሊያሳይ ተሰናድቶ ነበር። ከመንዝ ከመጡት ዕቃዎች መካከል በባና የተጠቀለለ የቆርቆሮ ሳጥን አለ። በውስጡ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ የዘመቱ የአንድ የክቡር ዘበኛ አሥር አለቃ ሁለት ሜዳዮችና ጠርዙ የተበላ የእንግሊዝኛ ወረቀት ተቀምጧል። ያመጡት ሴት ልጃቸው ናቸው።

ዕቃውን የተረከበው ወጣት ሠራተኛ በቅን ልቡና ሜዳዮቹን ሊያሳምር ተነሣ። ሪባኖቹን ፈትቶ በኦሞ አጠበ፤ ብረቱን በሎሚና በአመድ ፈተገ። አንደኛው ሪባን ቀይ ነው፤ መሐሉ ላይ በነጭ የታጠረ ሰማያዊ መስመር አለው፤ ዳርና ዳሩም ነጭ ነው። ቀዩ ቀለም ውሃ ሲነካው ለቀቀና ነጩን ሁሉ ሮዝ አደረገው። በዚህ ሪባን የተንጠለጠለው ኮከብ መሰል ሜዳይም ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው ቡናማ መልክ ተገፎ እንደ አዲስ የበር እጀታ ቢጫ ሆነ። የነሐስ ሜዳይ ቡናማነቱ እድፍ አይደለም፣ የተሠራበት መልኩ ነው። አመድ ይቧጭረዋል፤ ሎሚው ደግሞ በፊደሎቹ ስንጥቅ ውስጥ ይቀርና ከወራት በኋላ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ለእንዲህ ያለ ዕቃ ለስላሳ ደረቅ ብሩሽና የጥጥ ጓንት ይበቃል። ሪባን ጭራሽ አይታጠብም።

ከዚህ የባሰው ግን የመግለጫው ጽሑፍ ነበር። ሰማያዊና ነጭ ዝንጉርጉር ሪባን ያለውን ሜዳይ «የጀግንነት ሜዳይ፣ 1951 ዓ.ም.» ብሎ ፊት ለፊት ሰቀለው፤ ኮከቡን «የአሜሪካ ስጦታ» ብሎ ጥግ አስያዘው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አሥራ ሰባት መስመር ያለው ሰማያዊና ነጭ ሪባን የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ነው። በአማርኛ ጽሑፍም ተሠርቷል፤ በዘመቻው ላገለገለ ሁሉ የሚሰጥ ነው፤ የተከበረ ቢሆንም የአገልግሎት ሜዳይ ነው። ኮከቡ ደግሞ የአሜሪካ ጦር የሚሰጠው የነሐስ ኮከብ ሽልማት ነው።

በዋዜማው ልጃቸው ሊያዩ መጡ። መስታወቱ ፊት ትንሽ ቆሙና፦

«ልጄ፣ ያቺ ትንሿስ የታለች?»

«የትኛዋ፣ እማማ?»

«ከቀዩ ጨርቅ ላይ የነበረችው። አባባ እሷን ማንም እንዲነካበት አይወድም ነበር።»

ሠራተኛው ደነገጠ። ሪባኑን ሲፈታ ያወለቃትን ብረት ስፒል መስላው ከቢሮው የአግራፍ ጣሳ ውስጥ ጨምሯት ኖሯል። ጣሳውን ወረቀት ላይ ገልብጠው ሲበትኑት ተገኘች፤ ቁመቷ 6 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነች «ቪ» የምትባለው የላቲን ፊደል። ሽልማቱን የሚለየው ይህቺ ናት። የነሐስ ኮከብ ከጀርባው የተቀረጸው ጽሑፍ «ለጀግንነት ወይም ለላቀ አገልግሎት» የሚል ስለሆነ፣ ኮከቡ ብቻውን ተዋጊውንና መጋዘን በደንብ የመራውን አይለይም። ፊደሏ ያለችበት በጠላት ፊት በተፈጸመ ጀግንነት የተገኘ ነው። እሷን ማውለቅ ሰውዬውን ከጦር ሜዳው ማውጣት ነው።

ወረቀቱም ይህንኑ ይመሰክራል። የ7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦርን፣ ቃኘው የተመደበበትን 32ኛ ሬጅመንት፣ የሽልማት ትእዛዙን ቁጥርና ውጊያው የተደረገበትን ቀን ይጠቅሳል፦ 20 ኦክቶበር 1951። በሌሊት ቅኝት ላይ ቡድኑ ከሁለት ወገን ሲተኮስበት አሥር አለቃው መትረየሱን ይዘው ወደ ኋላ ቀሩ፤ ጓዶቻቸው ቁስለኞቹን ይዘው ሸለቆውን እስኪሻገሩ ተኮሱ፤ ከዚያም ተመልሰው የቀረውን አንድ ቁስለኛ ተሸክመው ወጡ። በኮሪያ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲወድቁ ከቃኘው አንድም ምርኮኛ በጠላት እጅ ያልቀረው እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው። የእኚህ ሰው ታሪክ በ«ስጦታ» ሊታለፍ ነበር።

ቀኑም መታረም ነበረበት። ጦርነቱ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ስለሆነ፣ በ1951 ዓ.ም. ኮሪያ ላይ የሚዋጋ ቃኘው አልነበረም። የውጭ ወረቀት ላይ ያለ ዓመት ከጃንዋሪ እስከ አዲስ ዓመታችን 8፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ይቀነስለታል። ቀኑን ለማውጣት ደግሞ ጳጉሜን ማየት ያስፈልጋል። የ1943 ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበራት የ1944 መስከረም 1 የዋለው በሴፕቴምበር 12 ነው፤ ስለዚህ ውጊያው የተደረገው ጥቅምት 9 ቀን 1944 ነው። ይህን የዘነጋ ጥቅምት 10 ይላል።

ፊደሏን መመለሱ ቀላል አልሆነም። ከጀርባዋ ያሉት ሁለት ቀጫጭን እግሮች በሪባኑ አልፈው የሚታጠፉ ናቸው፤ አሮጌ ነሐስ እየታጠፈ ሲቃና ይሰበራል፣ አንደኛው እግር ተሰበረ። ሙጫ ጨርቁን ስለሚያበላሽ አልተጠቀሙም። የቀድሞዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች በሪባኑ ላይ ስለሚታዩ፣ ደህናውን እግር በራሱ ቀዳዳ አሳልፈው ሳያጥፉ በቀጭን የጥጥ ክር አሰሯት። ሮዝ የሆነው ጠርዝ እንዳለ ቀረ፤ እንደገና ማጠብ ቀሪውን ቀይ ማውጣት ብቻ ነው።

በማግስቱ ኮከቡ ወደ ፊት መጣ። የርክክብ ቅጹም ተለወጠ፦ ዕቃው ከመነካቱ በፊት ፊቱም ጀርባውም ፎቶ ይነሣል፤ «በሪባኑ ላይ ያለ» የሚል መስመር ተጨምሯል፤ ዓመቱ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፋል፤ ቤተሰቡም ዕቃው ሲመዘገብ አጠገቡ ይቆማል።